የአለቃ በቅሎና የይታይሽ ቀፎ

ይታይሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ ዐሥር ዓመት ነው። ቤቷ በወንበራ፣ ከዚያው አገር ደብረ ዘይት ወደ ቆላው ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነበር። ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ይህ ታሪክ የሚነገረው እንድትስቁ አይደለም። ሳቁን መያዝ ያቃተው ልጅ ካለ ግን ቀስ ብሎ ይሳቅ።

ዘመኑ ክፉ ቀን ካለፈ ዐሥር ዓመት ገደማ ነበር። ክፉ ቀን የሚባለው ከብቱ ሁሉ በበሽታ ያለቀበት፣ ሰውም በረሃብ የረገፈበት ጊዜ ነው። አያቶቻችሁን ጠይቁ። ዝም ካሏችሁ ደግማችሁ አትጠይቁ።

የይታይሽ አባት ታፈረ ይባላል። እርሻ ነበረው፤ ቤቱ የሚያድረው ግን በማር ነው። ጨው በማር ይመጣል። ኩታ በማር ይመጣል። የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ የሚሠራበት ሰምም የሚወጣው ከዚያው ቤት ነበር። በደጃፋቸው ትልቅ ዋንዛ አለ፤ በዋንዛው ላይ ሰባት ቀፎ ተሰቅሎ ነበር።

ታዲያ ሁለት ዓመት ዝናብ ቀረ። በሦስተኛው ዓመት በበጋው የሰደድ እሳት ገባ። ቀፎ የሚሠራበት የቆላ ቀርከሃ፣ ሽመሉ፣ ነደደ፣ አበባው ነደደ፣ ከሰባቱ ቀፎ ስድስቱ ከነንቡ ነደደ። በአገሩ ንብ የሚባል ነገር ጠፋ። የተረፈችው ከዋንዛው ጫፍ የነበረችው አንዲቷ ቀፎ ብቻ ናት።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ታፈረ ቤት የቀረችውን ሰም ተሸከመ። ዓባይን ተሻግሮ ወደ አሶሳ አገር ሊወርድ ነው። እዚያ ሽመሉ ጫካ ነው። ሕይወት ያለው ንብ ግን በዚያ ሙቀት ዓባይን አሻግሮ ማምጣት አይቻልም። ከመሄዱ በፊት ይታይሽን ከዋንዛው ሥር አቆማት።

«ትሰሚያለሽ?» አላት።

ይታይሽ ቀና ብላ አዳመጠች። ቀፎዋ ታጉረመርማለች።

«ይቺ የቤታችን ዘር ናት። ስድስት ቀፎ ሠርቼ እመጣለሁ። በሚቀጥለው አበባ ይቺ መንጋ ትከፈልና ሁለት ትሆናለች፤ ሁለቱ አራት ይሆናሉ። ማር ቢቸግራችሁ ከአፉ በኩል ሁለት የማር እንጀራ ቁረጡ። ወደ ኋላው ግን እጅ አይግባ። አውራዋ እዚያ ናት።»

«አውራዋ ብትሞትስ፣ አባዬ?»

«ያን ጊዜ ሽመሉ ሽመል ብቻ ነው። አደራሽን።»

«አደራዬ ይሁን» አለች ይታይሽ። እንዲህ ብላ በራሷ አፍ ተናገረች። ልጆች፣ አደራ የሚባለው ቃል አጭር ነው። ለመናገር ምንም አያስቸግርም።

በዚያ መንደር አለቃ ጥሩሰው የሚባሉ ሰው ነበሩ። በአገሩ ከሁሉ የተማሩ እሳቸው ናቸው። ሰው ይህንን እንዳይዘነጋ በየሰንበቱ ያስታውሱ ነበር። አለቃ አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረቻቸው። ጥቅምት ሲገባ በቅሎዋ ሞተች። አለቃ ሦስት ቀን አዘኑ። አራተኛው ቀን እሑድ ነበርና ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን በግቢው አስቀምጠው አስተማሩ።

«ሶምሶን አንበሳ ገደለ» አሉ። «ተመልሶ ቢያይ በአንበሳው በድን ውስጥ ንብና ማር ተገኘ። ይህ ተጽፏል። እንግዲህ ንብ ከምን ይገኛል? ከበድን። እኛ ንብ አጣን ብለን ስናለቅስ የኖርነው ሳናነብ ነው።»

ሕዝቡ ተደነቀ። ከንብ ጋር ሙሉ ዕድሜውን የኖረው ሰው ሁሉ ንብ ከየት እንደሚመጣ በዚያ ቀን ተማረ።

አንድ ገበሬ ግን እጁን አነሣ። «አለቃ፣ አንበሳውን ከየት እናምጣ?»

«አንበሳ በምኞት አይገኝም» አሉ አለቃ። «በቅሎ ግን አለችኝ።»

በቅሎዋ በአለቃ የጥጃ ጎጆ ውስጥ ተከተተች። በሩ ተዘጋ። ግድግዳው በጭቃና በእበት ተመረገ። አርባ ቀን ትቆይ ተባለ። አርባ ለምን ሆነ ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ከአርባ ያነሰ ቁም ነገር ተጽፎ አይቼ አላውቅም» አሉ።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። ለኅዳር ሚካኤል ንግሥ ከላይ አንድ ሹም ይወርዳሉ ተባለ። ሹም በጠላ አይሸኝም። ጠጅ ያስፈልጋል። ጠጅ ደግሞ ማር ይፈልጋል። ማር ያለው ከአንድ ዋንዛ ላይ ብቻ ነው።

አለቃ ጥሩሰው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ወደ ታፈረ ቤት ሄዱ። የይታይሽ እናት ከደጃፍ ተቀብላ እጅ ነሣች።

«የቀፎው ነገር በማን እጅ ነው?» አሉ አለቃ።

እናቷ ፈራች። አለቃን እምቢ ማለት አትችልም፤ የባሏንም አደራ መብላት አልወደደችም። «አባቷ አደራውን የሰጠው ለልጅቱ ነው» አለች። ልጅ እምቢ ብትል ማን ይቆጣል ብላ ነው። የትልቅ ሰው ብልሃት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከልጅ ጀርባ ይቆማል።

አለቃ ዞር አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እመቤት ይታይሽ» አሉ።

ይታይሽ ወደ ኋላዋ ተመለከተች። ሌላ ይታይሽ አልነበረም።

«እኔን ነው፣ አባ?»

«እርስዎን ነው እንጂ። የቀፎው ባለ አደራ እርስዎ አይደሉም?»

ከተወለደች ጀምሮ እርስዎ ያላት ሰው የለም። ፍየሎቹ እንኳ ስትጠራቸው አይሰሟትም። ይታይሽ ቀሚሷን አራገፈች። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምን ፈለጉ?» አለች፤ የእናቷን ድምፅ አስመስላ።

«ማሩን ለሚካኤል ይስጡን። ሁሉንም። እርስዎ በንግሡ ቀን ከሴቶቹ ፊት ይቆማሉ። አርባው ቀን ሲሞላ ደግሞ ከበቅሎዬ የሚወጣው ንብ መጀመሪያ በውሰት የምናመጣልዎትን ሰባት ቀፎ ይሞላል። አባትዎ ሲመለስ ሰባቱም ሞልተው ቢያገኝ ምን ይል ይመስልዎታል?»

ይታይሽ አባቷን አየችው። በዓይነ ኅሊናዋ ነው። ከዋንዛው ሥር ቆሞ፣ ሰባቱን ቆጥሮ፣ ዞሮ ሲያያት አየችው። ልጆች፣ ፈተና ሁልጊዜ ቀንድ አብቅሎ አይመጣም። አንዳንዴ አባታችሁን ደስ ለማሰኘት ይመጣል።

ይህን ሲነጋገሩ ሦስት አህያ እየነዳ አንድ ሰው ደረሰ። ሙርሳል ነው። ሙርሳል ከአሶሳ አገር የበርታ ሰው ነው፤ እስላም ነው፤ ጨው እያመጣ ሰም ይወስዳል። የታፈረ ወዳጅ ነበር። አማርኛው የመንገድ አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ዓይን ያያል።

«ሰላም ለቤት» አለ። «ታፈረ ደኅና ነው። ሽመል ቆረጠ። ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ቀፎ ይሠራል። አራት ጨረሰ፣ ሁለት ቀረ። ለይታይሽ ንገረው አለኝ፤ ንብ እንዴት ነው?»

እናቷ ነገሩን ሁሉ አወራችለት። ስታወራው ዓይኑን ዓይኑን ታየው ነበር። ወሬዋ በቅሎዋ ላይ ሲደርስ ሙርሳል ራሱን ያዘ።

«አለቃ» አለ፣ «በቅሎ ቆሞ አይወልድም። ሞቶ ይወልዳል?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሊስቅ ነው። አለቃ ግን አልሳቁም።

«ለአምላክ የሚሳነው የለም» አሉ።

«አላህ ሁሉ ይችላል፣ ልክ ነው። ግን ያ ክፉ ጊዜ፣ ከብት ሁሉ ሞተ። ከዚህ እስከ ዓባይ በሬ ወድቋል። ንብ የት ነበረ? ንብ ከመጣ እኛ ለምን ተራብን? ማር እንበላ ነበር።»

በዚያ ደጃፍ የቆሙት ትልልቆቹ ሁሉ ያን ጊዜ ሰው ቀብረዋል።

«ያ በሬ ነው» አሉ አለቃ በመጨረሻ። «መጽሐፍ የሚለው አንበሳ ነው።»

«ይሄ በቅሎ ነው።»

«በቅሎ ከበሬ ይልቅ ለአንበሳ ትቀርባለች። ትራገጣለች።»

ሙርሳል ወደ ይታይሽ ዞረ። ቁጢጥ ብሎ ከእሷ እኩል ሆነ። «ስማ ልጄ። ንብ እናት አለው። እናቱም እናት አለው። ከንብ በቀር ንብ የሚሠራ የለም። እኔ ሃያ ዓመት ሰም ገዛ፣ ሌላ አላየሁም። እናት ከሞተ አለቀ።»

ይታይሽ አለቃን አየች። ነጭ ጥምጥማቸውን አየች። ከዚያ ሙርሳልን አየች፤ እግሩ አቧራ ነው።

«አንተ አማርኛ እንኳ በቅጡ አታውቅ፣ ንብ ታውቃለህ?» አለችው።

እናቷ ቆነጠጠቻት። ሙርሳል ግን አልተቆጣም።

«ልክ ነው፣ አማርኛ አላውቅም» አለ። «ንብም አማርኛ አያውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። በማን እንደሳቁ አይታወቅም፤ ይታይሽ ግን በእሷ የሳቁ መሰላት። ፊቷ ጋለ። «ይቆረጥ» አለች። «ሁሉም ይቆረጥ።»

«እመቤት ተናገረች» አሉ አለቃ።

ሙርሳል ተነሣ። «እሺ፣ ማር ውሰድ። ሁሉ ውሰድ። ንብ አትቃጠል። እናት ተወው፣ ሌላ ሽመል ውስጥ ይግባ።»

ነገር ግን ማር መቁረጥ የሚያውቅ ታፈረ ነበር፤ እሱም የለም። የቀሩት ሰዎች መነደፍ ይፈራሉ። የፈራ ሰው ደግሞ እሳቱን ያበዛል። «ምን አስጨነቃችሁ፣ በአርባው ቀን ሰባት ቀፎ ንብ ይመጣል» ተባለ። ሙርሳል አህዮቹን ነድቶ ሄደ። ወደ ኋላው አላየም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቀፎውን በገመድ አወረዱት። በአፉ በኩል የሚነድ ችቦ ከተቱበት። ንቦቹ ጮኹ። አንድ ትልቅ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ ትንሽ ድምፅ ሆነ፤ ከዚያ የእሳቱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሽመሉን በመጥረቢያ ሰነጠቁት። ማሩ ብዙ ነበር። ለይታይሽ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ ሰጧት፤ ባለ አደራዋ ናትና። ጣፋጭ ነበር። ውሸት አይነገርም፤ ጣፋጭ ነበር።

ሁለተኛውን ስታነሣ ከላዩ አንዲት ንብ አየች። ከሌሎቹ ረዘም ትላለች። ክንፏ ነዷል። በሰሙ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ የምትፈልገው ነገር ያለ ይመስላል። ይታይሽ አወቀቻት። በመዳፏ ይዛ ከተሰነጠቀው ሽመል ግማሽ ላይ አስቀመጠቻት። ቅጠል ደረበችባት። በማግሥቱ ጧት ቅጠሉን ገለጥ ስታደርግ ጉንዳን ነበር።

ለማንም አልተናገረችም። አርባው ቀን አለ ብላ ነው።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ሹሙ መጡ። ይታይሽ ከሴቶቹ ፊት ቆመች። ሹሙ አላዩዋትም። አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጡና፣ «ትንሽ ኮምጠጥ ይላል» አሉ። ሄዱ። የዚያች ቀፎ ነገር በዚህ አለቀ።

ይታይሽ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በየቀኑ ወደ አለቃ የጥጃ ጎጆ ትሄድ ነበር። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ከግድግዳው አጠገብ ትቀመጣለች። ከጣራው በታች ጭቃው ተሰንጥቆ ነበር። አንዲት ዝንብ በስንጥቁ ገባች። ይታይሽ በድንጋይ ላይ ወጥታ አጮለቀች። ዝንቧ ከበድኑ ላይ አርፋ እንደ ጤፍ ያለ ነጭ ነገር ጥላ ወጣች። በማግሥቱ ነጩ ነገር ይንቀሳቀሳል። ትል ሆነ። ትሉ ወፈረ። ከዚያ ጠነከረና ቡናማ ፍሬ መሰለ። ከፍሬው ዝንብ ወጣ።

ይታይሽ ከድንጋዩ ወረደች። መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

«ዝንብ እንኳ እናት አላት» አለች ለራሷ።

አርባው ቀን ሞላ። ሕዝቡ የተዋሰውንም የሠራውንም ባዶ ቀፎ ይዞ መጣ። ቀፎዎቹ በወይራ ጢስ ታጥነዋል። አለቃ ጥላ ተይዞላቸው ቆሙ። በሩ ተከፈተ። ጥቁር ደመና ግር ብሎ ወጣ።

«ወጡ» አሉ አለቃ በእርጋታ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከሽታው ይሁን ከደስታው አይታወቅም።

አንዲት ባልቴት ከፊቷ ላይ እፍ እፍ እያለች፣ «አለቃ፣ እነዚህ ዝንቦች ናቸው» አለች።

«ገና ሕፃናት ናቸው» አሉ አለቃ። «ሲያድጉ ይነድፋሉ።»

መንደሩ ሁለት ሳምንት ዝንቦቹ እስኪያድጉ ጠበቀ። ዝንቦቹ በወጡ ላይ አረፉ፣ በሕፃናቱ ዓይን ላይ አረፉ። አልነደፉም። ይታይሽ ወደ አለቃ ሄዳ ያየችውን ተናገረች።

«አባ፣ ዝንቧ በስንጥቁ ስትገባ አይቻለሁ። የጣለችው ነው ትል የሆነው። በቅሎዋ ምንም አልወለደችም። አበላች እንጂ።»

«አንቺ» አሉ አለቃ፣ «ፊደል ቆጥረሻል?»

«አልቆጠርኩም።»

«እንግዲያው ሂጂ፣ ፍየልሽን ጠብቂ።»

እመቤት መባሏ በዚህ ቀረ። አለቃም ከዚያ በኋላ ነገሩ ያልሰመረው በቅሎ አንበሳ ስላልሆነች ነው ብለው አስተማሩ። እስኪሞቱ ድረስ አንበሳ የሚያመጣላቸው ሰው ሲፈልጉ ኖሩ። ደግነቱ በዚያ አገር አንበሳ የሚያመጣ ሞኝ አልተገኘም።

ገና በደረሰ ጊዜ ታፈረ መጣ። ስድስት አዲስ የሽመል ቀፎ በጀርባው አዝሏል። ከሩቅ ሲታይ ቤት ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ይመስላል። ሰውነቱ ከስቷል፤ ፊቱ ግን ያበራል። ከመንደሩ ዳር ማንም አልነገረውም። ሰላምታ ሰጥተውት አለፉ።

ከዋንዛው ሥር ደርሶ ቀና አለ። አዳመጠ።

«ንቡ ብርድ ነክቶት ነው?» አለ።

ይታይሽ ከቤት ወጣች። ከእግሩ ላይ ወደቀች። ሁሉንም ተናገረች፤ አለቃን፣ እርስዎ መባሏን፣ በሙርሳል ላይ የተናገረችውን፣ ጣፋጩን ማር። አንድም አልደበቀችም።

ታፈረ ቀፎዎቹን ከጀርባው አላወረደም። «አውራዋስ?» አለ።

«ክንፏ ነደደ። ቅጠል አለበስኳት። ጉንዳን በላት።»

ታፈረ ያን ጊዜ ተቀመጠ። ቀፎዎቹ በጀርባው እንዳሉ ተቀመጠ። አልመታትም። ቢመታት በወደደች። እናቷ ከደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እምቢ ማለት ነበረብኝ» አለች። እሱም፣ «ተዪው» አለ። «አሁን ማንስ ቢሆን።»

ስድስቱንም ቀፎ በዋንዛው ላይ ሰቀላቸው። ውስጣቸውን በሰም ቀባ፣ በወይራ አጠናቸው። ከሩቅ አገር የጠፋ መንጋ ቢመጣ ብሎ ነው። ይታይሽ በየማለዳው ዛፉ ላይ ወጥታ ጆሮዋን በየቀፎው ላይ ትለጥፍ ነበር። ነፋስ ይሰማል። አበባ መጣ፤ አደዩ ሜዳውን ሸፈነው። አበባውን የሚጎበኝ አልነበረም። አበባው ረገፈ።

ሙርሳል በዚያው ወራት አልፎ ነበር። ይታይሽ መንገድ ላይ ጠብቃ ጉልበቱን ሳመችው። «ማረኝ» አለችው።

«ልጄ፣ እኔ ድሮ ማረ» አላት። ከጨው ከረጢቱ አንድ አሞሌ አውጥቶ ሰጣት። የሚገዛው ሰም አልነበረምና ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ አልመጣም።

የንስሐ አባቷም ኃጢአቷን ሰምተው ሰባት ቀን ስግደት አዘዙላት። ሰገደች። ይቅርታ ተሰጣት። ንብ ግን አልተሰጣትም። ልጆች፣ ይቅርታን አምላክ በቃሉ ይሰጣል፤ ንብ ግን የሚገኘው ከንብ ነው፤ እንዲህ አድርጎ የሠራው ራሱ ነውና በእልህ ሕጉን አይለውጥም።

ጨው የሚያመጣ ማር ሲጠፋ ቤቱ አልቆመም። በሁለተኛው ዓመት ታፈረ ቤተሰቡን ይዞ የሰው መሬት በእኩል ሊያርስ ወደ ቡለን ሄደ። ስድስቱ ቀፎዎች ከዋንዛው ላይ ቀሩ። ይታይሽ እዚያ አደገች፤ እዚያ ተዳረች፤ እዚያ አረጀች። ከወንበራ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ባየች ቁጥር እንጀራ ከማቅረቧ በፊት አንድ ነገር ትጠይቀው ነበር።

«ከዚያ ዋንዛ ላይ ንብ ገባ?»

«አልገባም፣ እሜቴ» ይላታል መንገደኛው።

ልጆች ሆይ፣ ሕይወት ያለው ሁሉ የሚወለደው ሕይወት ካለው ብቻ ነውና፣ አደራ የተሰጣችሁን የመጨረሻዋን ዘር ለማንም ትልቅ ሰው ምስጋና ብላችሁ አታጥፏት።